ፊሽካው በማን እጅ ነው? የትምህርት ቤትና የቀበሌ ጨዋታዎች ዳኝነት በጋሞ ዞን

በአርባ ምንጭ ሲቀላም ሆነ ሴቻ፣ በጨንቻ ደጋም ሆነ በምዕራብ ዓባያ ቆላ፣ የትምህርት ቤት ወይም የቀበሌ ቡድኖች ለእግር ኳስ ሲገናኙ ከሜዳው ዳር ቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «ዛሬ የሚያጫውተው ማን ነው?» የሚል ነው። ጠያቂው ስለ ዳኛው ችሎታ ለማወቅ የፈለገ ይመስላል። ነገር ግን የሚጠብቀው መልስ ሌላ ነው፤ ሰውዬው ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያስተምር፣ ወንድሙ ወይም ተማሪው በየትኛው ቡድን እንደሚጫወት ማወቅ ይፈልጋል። ጨዋታው ሳይጀመር የሚነሳው ይህ ጥያቄ በ70ኛው ደቂቃ የፍፁም ቅጣት ምት ሲሰጥ ተመልሶ ይመጣል፤ በዚያን ጊዜ ግን የሚመጣው በጩኸት ነው።

ኢትዮጵያ በዳኝነት የምታፍር አገር አይደለችም። በአምላክ ተሰማ በ2010 ዓ.ም ሩሲያ ባስተናገደችው የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት አፍሪካውያን ዳኞች አንዱ ነበር። በጥር 2014 ዓ.ም በካሜሩን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫም ሴኔጋልና ቡርኪና ፋሶ የተገናኙበትን የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ መርቷል። ሊዲያ ታፈሰ በ2011 ዓ.ም በፈረንሳይ የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ በዋና ዳኝነት ተመድባለች። ይሁንና በእነዚህ መድረኮች የሚቆም ዳኛ ሁለት ረዳቶች፣ አራተኛ ዳኛ፣ የቪዲዮ ዳኞች፣ የጨዋታ ኮሚሽነርና የጸጥታ ኃይል አብረውት አሉ። በወረዳ ሜዳ የሚያጫውት ሰው ያለው ፊሽካ፣ ሁለት ካርድና የራሱ እግር ብቻ ነው።

አንድ ሰው ብቻውን ሲያጫውት ምን እንደሚጎድል ብዙ ተመልካች አያስተውለውም። ከጨዋታ ውጭ የሚባለውን ሕግ እንውሰድ። ዳኛው ኳሷ ከአቀባዩ እግር በተነሳችበት ቅጽበት አጥቂው ከመጨረሻው ሁለተኛ ተከላካይ አልፎ እንደነበር ማየት አለበት። አቀባዩና ተከላካዩ ግን በ30 ወይም በ40 ሜትር ሊራራቁ ይችላሉ። ዓይኑን በአቀባዩ ላይ ካደረገ መስመሩን ያጣል፤ በመስመሩ ላይ ካደረገ ደግሞ አቀባዩ ኳሷን ከሰጠ በኋላ ተጠልፎ መውደቁን አያይም። ረዳት ዳኛ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ረዳት በሌለበት ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው ባንዲራ ይዞ በመስመር እንዲቆም ይደረጋል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ሰው ኳሷ ከሜዳ መውጣቷን ከማመልከት ያለፈ ሥራ ሊሰጠው አይገባም፤ የራሱ ቡድን ጎል ሲገባበት ባንዲራ የማንሳት ፈተና ከባድ ነውና። ስለዚህ ብቸኛው ዳኛ በእያንዳንዱ ማጥቃት ላይ አንዱን ለማየት ሌላውን መተው ግድ ይለዋል። የተተወውን ያየ ደጋፊ ግን «አልታየውም» አይልም፤ «አዳላ» ይላል።

ጥርጣሬውን የሚያባብሰው ደግሞ የምደባው አሠራር ነው። በትምህርት ቤቶች ውድድር ፊሽካው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ለአስተናጋጁ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕጉን ያውቃል፣ በቦታው አለ፣ የትራንስፖርት ወጪ አይጠይቅም። ነገር ግን ያ መምህር የቤቱን ቡድን ሲያሠለጥን ከርሟል፤ ነገም ከተማሪዎቹ ጋር ይውላል። ፍጹም ቅን ቢሆን እንኳ ሁለት መጥፎ መንገዶች ከፊቱ ተደቅነዋል። ለቡድኑ ትክክለኛ ፍፁም ቅጣት ምት ቢሰጥ እንግዶቹ አያምኑትም። ይህን ፈርቶ ቢከለክል ደግሞ የራሱን ተማሪዎች በድሏል። የዚህ ዓይነቱ ዳኛ ስህተት ባይሠራም ውሳኔው ተቀባይነት አያገኝም፤ ችግሩ ከዓይኑ ሳይሆን ከቆመበት ቦታ የመነጨ ነውና።

የአማርኛው ቃል ራሱ እዚህ ላይ የሚያሳስበው ነገር አለ። በችሎት የሚቀመጠውንም በሜዳ የሚሮጠውንም «ዳኛ» ብለን እንጠራለን። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች በመንገድ ላይ ያገኙትን መንገደኛ አቁመው ዳኛ ሊያደርጉት ይችሉ ነበር፤ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰውም ባለበት ይቆማል። መንገደኛው የሕግ ሊቅ ላይሆን ይችላል። የሚፈለገው ለሁለቱም ባዕድ መሆኑና ሁለቱም ወደውና ፈቅደው በፊቱ መቆማቸው ነበር። ዛሬ በብዙ ሜዳዎች የሚታየው ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሕጉን የሚያውቅ ሰው አለ፣ ባዕድነቱና የሁለቱ ወገኖች ፈቃድ ግን የሉም።

ፈቃድ የሚሰጠውን ኃይል የጋሞ ሕዝብ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም በቡራዩና አካባቢው በጋሞ ተወላጆች ላይ ጥቃት መድረሱ ሲሰማ በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ተነስተው ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አባቶቹ በእጃቸው መሣሪያ አልነበረም። ኃይላቸው የመጣው በዱቡሻ፣ ሰው በተራ በሚናገርበትና በሚደመጥበት አደባባይ፣ ለዘመናት ከተገነባ መታመን ነው። እርጥብ ሳር በያዘ ሽማግሌ ፊት መቆም እንደሚገባ ያ ወጣት ያወቀው በዚያች ቀን አልነበረም።

ይህ ሲባል ሽማግሌዎች ፊሽካ ይያዙ ማለት አይደለም። የዱቡሻ ውሳኔ ጊዜ ይወስዳል፤ ሁሉም እስኪስማማ ይጠበቃል። የሜዳ ዳኛ ያለው ሁለት ሰከንድ ነው፤ በጨዋታ ክንውን ላይ የሚሰጠው ውሳኔም በሕጉ መሠረት የመጨረሻ ነው፤ ጨዋታው አንዴ ከቀጠለ ራሱም ቢሆን ሊመልሰው አይችልም። ከዱቡሻ ወደ ሜዳ ሊወሰድ የሚችለው ስምምነቱ ከጠቡ መቅደሙ ነው። ሁለቱ አሠልጣኞችና ሁለቱ አምበሎች ከጨዋታው በፊት በዳኛው ፊት ቆመው «በዚህ ሰው ውሳኔ እንገዛለን» ቢሉ፣ የአካባቢው ሽማግሌም ምስክር ሆኖ ቢመርቅ፣ በ70ኛው ደቂቃ የሚጮኸው ደጋፊ የሚሟገተው ከዳኛው ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱ አምበል ቃል ጋርም ይሆናል።

ነገሩን «የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። በኅዳር 2005 ዓ.ም በኔዘርላንድስ አልሜሬ ከተማ ልጁ በሚጫወትበት የወጣቶች ግጥሚያ በፈቃደኝነት የመስመር ዳኛ የሆነ አንድ አባት ከጨዋታው በኋላ በተጋጣሚው ቡድን ወጣት ተጫዋቾች ተደብድቦ በማግሥቱ ሕይወቱ አልፏል። የአገሪቱ ፌዴሬሽን በቀጣዩ የሳምንት መጨረሻ የአማተር ጨዋታዎችን በሙሉ ሰርዟል። ይህ የሆነው ሜዳው በሣር በተሸፈነበት፣ የዳኞች ሥልጠና በተስፋፋበት አገር ነው።

የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድም ከእንዲህ ያለው አደጋ ወዲህ መፍትሔ ሲፈልግ በእኛ አካባቢ እምብዛም ወደማይታወቀው ራግቢ ዞሯል። በራግቢ ዳኛውን የሚያነጋግረው በመሠረቱ አምበሉ ብቻ ነው፤ ያጠፋ ተጫዋችም ለ10 ደቂቃ ከሜዳ ወጥቶ እንዲቀመጥ ይደረጋል። ጊዜያዊው ቅጣት በእግር ኳስ ለወጣቶችና ለአማተር ውድድሮች ተፈቅዷል። እንግሊዝ በሙከራ ባደረገችባቸው ሊጎች በዳኛ ላይ የሚሰነዘር ተቃውሞ በ38 በመቶ መቀነሱን ፌዴሬሽኗ ካሳወቀ በኋላ ወደ ታችኛው እርከን በሙሉ አስፋፍታዋለች። «አምበሉ ብቻ ይናገር» የሚለው መመሪያ ደግሞ በ2016 ዓ.ም በጀርመን በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ በሰፊው ታይቷል። ለትምህርት ቤት ጨዋታ ጊዜያዊው ቅጣት በተለይ ይስማማል። ቀይ ካርድ የ15 ዓመት ልጅን ከውድድሩ ሊያስቀረው ይችላል፤ ዳኛውም ያን እያሰበ ካርዱን ለማውጣት ያመነታል። ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ዛፍ ሥር መቀመጥ ግን ቁጣን ያበርዳል፤ ልጁም ተመልሶ ይጫወታል።

ያው ሕግ ለታችኛው እርከን የሜዳውን ስፋት፣ የኳሱን መጠን፣ የጎሉን ስፋትና የጨዋታውን ርዝመት ማስተካከልም ይፈቅዳል፤ ሁለቱ አጋማሾች እኩል እስከሆኑ ድረስ። በሙቀት ለሚታወቀው የዓባያና የጫሞ ዳርቻ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከቀትር በኋላ በሙዝ እርሻ ዳር በሚገኝ ሜዳ ብቻውን 90 ደቂቃ የሮጠ ዳኛ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ከኳሷ ሩቅ ሆኖ ይፈርዳል፤ አብዛኛው ጠብም የሚነሳው በዚያ ሰዓት ነው። ሜዳውን አጥብቦ እያንዳንዱን አጋማሽ 30 ወይም 35 ደቂቃ ማድረግ ልጆቹንም ዳኛውንም ይጠቅማል።

የዳኛ ክፍያም ቢሆን ከምዝገባ ገንዘብ ላይ ተቀንሶ ከውድድሩ በፊት በአዘጋጁ እጅ መግባት ይኖርበታል። ከጨዋታው በኋላ ከቡድኖቹ የሚሰበሰብ ከሆነ የተሸነፈው አይከፍልም፤ ያሸነፈው ሲከፍል ደግሞ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። የዳኛው ሪፖርትም በዚያው ምሽት ተጽፎ ለአዘጋጁ መድረስ አለበት፤ ዳኛን የሰደበ አሠልጣኝ በሚቀጥለው ሳምንት እንደ ምንም ሳይቆጠር አጥር ሥር ከቆመ፣ ዳኛው ሪፖርት የሚጽፍበት ምክንያት አይኖረውም።

የምደባው ችግር የሚፈታበት መንገድ ከሁሉም ርካሽ ነው። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የጨንቻው መምህር የአርባ ምንጭ ትምህርት ቤቶችን ግጥሚያ፣ የአርባ ምንጩ ደግሞ የጨንቻን ቢያጫውቱ፣ የሚያስፈልገው የሁለት ሰው የደርሶ መልስ መሳፈሪያና የዞኑ የውድድር አዘጋጆች መርሐ ግብሩን ሲያወጡ ከተጋጣሚዎቹ ስም ጎን የዳኛውን ስምና የመጣበትን ወረዳ መጻፋቸው ነው።