ሁለቱ ዲናር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ አደራ ሲሰጥ ሁለት ዲናር ከፍሏል (ሉቃ. 10፥35)። ሊቃውንት ዲናሮቹን ብሉይና ሐዲስ ብለው ይተረጉሟቸዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የማስታመሚያ ገንዘብም ነበሩ!

ዛሬ የአልጋ ቁራኛ ለሆኑ እናት በቤታቸው የምትንከባከብ ነርስ መቅጠር የቤተሰቡ ዕዳ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚከፍለው በጤና ተቋም ለሚሰጥ ሕክምና ነው፤ እድሩም በአብዛኛው የሚደርሰው ከሞት በኋላ። ስለዚህ ሴት ልጃቸው ሥራዋን ትታ ታስታምማለች፤ እኛም “እግዚአብሔር ያበርታሽ” ብለን እንወጣለን።

የጽዋ ማኅበሮቻችን ከድግሱ ቀንሰው የአስታማሚ ደመወዝ ቢያግዙ ዝክሩ አይጎድልም። ገንዘብ የሌለን ወጣቶች ደግሞ በየተራ አንድ እሑድ ከእናቲቱ ጋር ብንቀር፣ ልጅቱ ቅዳሴ ታስቀድሳለች።