በየትኛው ቋንቋ ልጀምር?

«ቲቸር፣ ፕሮግራሚንግ በየትኛው ቋንቋ ልጀምር?» የምትሉኝ በዝታችኋል። መልሴን ከድሮ ኮምፒውተሮች ልጀምረው።

ኮሞዶር 64 በ1982 እ.ኤ.አ. ወጣ። 64 ኪሎባይት ሜሞሪ፣ ለዘመኑ ጉድ የሚያሰኝ የድምፅ ቺፕ ነበረው። ስታበሩት ቤዚክ የሚባለው ቋንቋ ወዲያው ይመጣል። ግን ያ ቤዚክ ለሥዕልም ለድምፅም ትእዛዝ የለውም! የስክሪኑን ጠርዝ ጥቁር ለማድረግ እንኳ «ፖክ 53280,0» ብሎ መጻፍ ነው። ልጁ ቁጥሩን ከመጽሐፍ ይገለብጣል፣ ይሠራለታል፣ ለምን እንደሠራ ግን አያውቅም። እኛ አገር ሽምደዳ የምንለው ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ እንግሊዞች ቢቢሲ ማይክሮን አውጥተው ነበር። ሞዴል ቢ የሚባለው ሜሞሪው ግማሽ፣ 32 ኪሎባይት ብቻ። ሶፊ ዊልሰን የጻፈችው ቤዚክ ግን መስመር መሳያና ድምፅ ማውጫ ትእዛዝ አለው። ፕሮግራሙን ከፋፍላችሁ ለእያንዳንዱ ክፍል ስም መስጠት ትችላላችሁ። ፍጥነት ሲያስፈልግ ደግሞ እዚያው ቤዚኩ ውስጥ አሴምብሊ ይጻፋል፤ ሌላ ሶፍትዌር መግዛት የለም።

«ቤዚክ ጭንቅላት ያበላሻል» የሚሉ ሰዎች አሉ። የትኛው ቤዚክ? ነው ጥያቄው። ስሙ አንድ ነው፣ የሚያስተምረው ግን ለየቅል። እኔ ለክፍሌ ምረጥ ብባል ያለማመንታት ባለ 32ቱን እወስድ ነበር።

ስለዚህ የቋንቋውን ስም ተዉትና፣ የጻፋችሁትን እያንዳንዱን መስመር ለታናሽ ወንድማችሁ ማስረዳት የሚያስችላችሁን ያዙ። ፓይተንም ይሁን ሌላ።

(ለጌም ከሆነ ግን ኮሞዶር ነው ምርጫዬ፣ አልዋሽም 😄)