አጭሩ ሸራ ወደ ፊት፣ ረጅሙ ወደ ኋላ

መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ቀጥሎ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጎማውና ስለ ወንበሩ ይጠይቃል፤ ወዳጁም «ስንት ይሮጣል?» ሲለው ደስ እያለው ይመልሳል። ዳሩ ግን «እንዴት ይቆማል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። መሮጥ በአደባባይ የሚታይ ነገር ነው፤ መቆም ግን ከጎማው ውስጥ ተሸሽጎ የሚሠራ ሥራ ስለ ሆነ፣ አንድ ቀን እስኪጎድል ድረስ ማንም አያስታውሰውም። በዚህ ሳምንት ስለዚሁ ስለ ተሸሸገው ሥራ፣ ይኸውም ስለ ፍሬን ሸራ አቀማመጥ፣ ጥቂት እናወጋለን።

አንባቢዎቻችን «እኛ ተማሪዎችና የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች ነን፤ መኪና የለንም፤ ይህ ነገር ምናችን ነው?» ይሉ ይሆናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ባለ መኪና የራሱን ፍሬን በእግሩ እየረገጠ ያውቀዋል። መኪና የሌለው ሰው ግን በሚኒባስ፣ በባጃጅ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ በተሳፈረ ቁጥር ሕይወቱን የሚያኖረው ሌላ ሰው በገጠመውና እርሱ ባላየው ሸራ ላይ ነው።

በተለይም እንደ ጌዴኦ ባለ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እንሰትና ቡና በዛፍ ጥላ ሥር የተሰለፉበት ያ ተዳፋት ለተመልካች ደስታ ሲሆን ለሾፌር ግን ፈተና ነው። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ቡሌ ከ2500 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ከቡሌ ወደ ዲላ የሚወርድ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር ያላነሰ ቁልቁለት ይወርዳል ማለት ነው።

እስቲ በትምህርት ቤት የተማርነውን ፊዚክስ በዚህ መንገድ ላይ እናውለው። ከነጭነቱ 5 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ 49 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት መጣል አለበት። ይህ ጉልበት አይጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይኸው ሙቀት 20 ዲግሪ የሆነ ወደ 145 ሊትር የሚጠጋ ውሃ እስኪፈላ ድረስ ያሞቃል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰባት ሞልቶ ይተርፋል። ነፋሱና ሞተሩ የድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ የቀረውን ሁሉ የሚሸከመው ፍሬኑ ነው። ፍጥነትም ሲጨመር ነገሩ ይከፋል፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና 80 ቢሄድ፣ ለማቆም የሚጠፋው ጉልበት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው።

እንግዲህ ወደ ውስጡ እንግባ። ፍሬን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው ዲስክ፣ ሁለተኛው ታምቡር። ዘመናዊውን የታምቡር ፍሬን እ.ኤ.አ. በ1902 የፈለሰፈው ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ በአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች የፊት እግር ዲስክ ገብቶበታል፤ የኋላው ግን ርካሽና ለእጅ ፍሬን የሚመች በመሆኑ በብዙዎቹ ታምቡር እንደ ሆነ ቀርቷል። የተለመደችው ባጃጅም በሦስቱም እግሯ ታምቡር አላት።

ታምቡር ማለት ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር፣ እንደ ከበሮ ክብ የሆነ ብረት ነው። በውስጡ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ሁለት ብረቶች ፊትና ኋላ ሆነው ይቆማሉ፤ በጀርባቸውም ላይ ሸራው ተለጥፏል። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬኑ ዘይት ከላይ ያለችውን ትንሽ ሲሊንደር ይገፋል፤ የሲሊንደሯም ፒስቶኖች ሁለቱን ሸራዎች ከፍተው ከታምቡሩ ግድግዳ ጋር ያፋትጓቸዋል። እግሩን ሲያነሣ ሞላዎቹ ሸራዎቹን ወደ ቦታቸው ይመልሷቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። ሁለቱ ሸራዎች ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም። ዱላ ይዛችሁ ጫፉን መሬት ላይ አስነክታችሁ ወደ ፊት እየገፋችሁት ብትሄዱ፣ ጫፉ መሬቱን ይወጋል፤ በገፋችሁትም መጠን ይብስ ይተከላል። ያንኑ ዱላ ወደ ኋላ ብትጎትቱት ግን እየተንሸራተተ ይከተላችኋል። በታምቡር ውስጥም እንዲሁ ነው። መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ፣ የሚዞረው ታምቡር የፊተኛውን ሸራ ይዞ ይብስ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ የኋለኛውን ግን ከራሱ ይገፈትረዋል። ስለዚህ የፊተኛው ሾፌሩ ከረገጠው በላይ ይይዛል፤ የኋለኛው ያንሳል። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ ሥራቸው ይለዋወጣል።

መሐንዲሶች ይህን ጠባይ በልዩ ልዩ መንገድ ተጠቅመውበታል። በአንዳንዱ የሸራዎቹ የታች ጫፍ በማይነቃነቅ መደገፊያ ላይ ይቆማል። እንደ ቀድሞው ረጅሙ ላንድ ሮቨር ባሉት የፊት እግር ደግሞ ለእያንዳንዱ ሸራ የራሱ ሲሊንደር ተሰጥቶት፣ ሁለቱም ወደ ፊት ሲኬድ አጥብቀው እንዲይዙ ተደርገዋል። በሦስተኛው ዓይነት፣ ይኸውም በብዙ የአሜሪካ ፒክአፖች የሚገኘው፣ ሁለቱ ሸራዎች ከታች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ይንሳፈፋሉ። የፊተኛው በታምቡሩ ሲጎተት የኋለኛውን ይገፋዋል፤ ትልቁንም ሥራ የሚሠራው ይህ የተገፋው የኋለኛው ነው። ለዚህም ሲባል በእንዲህ ያለው ፍሬን የፊተኛው ሸራ አጭር፣ የኋለኛው ረጅም ሆኖ ይሠራል። «አጭሩ ወደ ፊት፣ ረጅሙ ወደ ኋላ» የሚባለው ደንብ ለዚህ ዓይነት ነው። ለሌላው ዓይነት ደንቡ ይኸው ነው ብሎ በጭፍን መግጠም አይገባም፤ የመኪናውን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

በዲላ አንድ ጋራዥ ቆመን ያየነውን እንንገራችሁ። አንዲት ፒክአፕ በሌላ ስፍራ ሸራ ከተለወጠላት ገና ሦስት ቀኗ ነበር። ፍሬን ስትያዝ፣ ይልቁንም በጭቃ ላይ፣ ጭራዋ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ባለቤቱ ተቆጥቷል።

«ሸራው አዲስ ነው እኮ! ደረሰኙ እጄ ላይ ነው» አለ።

ሽማግሌው መካኒክ መልስ ሳይሰጡ ሁለቱንም የኋላ ታምቡሮች አስወለቁ። ከዚያም ረዳታቸውን ጠርተው «አንተ ልጅ፣ ምን ይታይሃል?» አሉት።

ልጁ ጎንበስ ብሎ ግራውን አየ፤ ዞሮም ቀኙን አየ። «ጋሼ፣ በግራው ሁለቱም አጫጭር ናቸው፤ በቀኙ ሁለቱም ረጃጅም» አለ።

«እንግዲህ ጌታው፣ ሸራዎ አዲስ ነው፤ አልዋሹም። ቦታው ነው የጠፋበት» አሏቸው ለባለቤቱ።

ከመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ያስተውለዋል። መልካም ሆኖ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ቢገባ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ልዩነቱ፣ የጠፋ ደብዳቤ ባለ ጉዳይን ሲያመላልስ፣ ቦታውን የሳተ ሸራ ግን ሰውን ገደል መክተቱ ነው።

ሸራ በትክክል እንዴት እንደሚገጠም በቅደም ተከተል እናስቀምጠው።

1ኛ/ መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም፤ የማይነሡት ጎማዎች በታኮ ይደገፉ። የኋላው የሚከፈት ከሆነ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ በካቫሌቶ ላይ ይቀመጥ እንጂ፣ ክሪክ ብቻውን አምኖ ከሥሩ መግባት አይገባም።

2ኛ/ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጊዜ አይፈቱ። ግራው ሲሠራ ቀኙ ሳይነካ ለምሳሌነት ይቆይ። በመስታወት እንደሚታይ መልክ ግራና ቀኙ እንደሚገላበጥ ግን አይረሳ፤ ፊት የነበረው በሁለቱም ፊት ነው። ከመፍታት በፊት በኪስ ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ብዙ ክርክር ያስቀራል።

3ኛ/ በታምቡሩ ውስጥ ያለውን አቧራ በአፍም በኮምፕሬሰርም መንፋት ክልክል ነው። በቀድሞ ሸራዎች፣ በአንዳንድ አገር ከሚሠሩትም ውስጥ፣ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን አለ። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰርን ጨምሮ ከባድ በሽታ ያመጣል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል፤ ይህን ለየጋራዡ ረዳት ልጆች መንገር የሁላችንም ግዴታ ነው።

4ኛ/ የሲሊንደሯ ጎማ ዘይት የሚያፈስ ከሆነ አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብን መጣል ነው፤ ዘይት የነካው ሸራ አይይዝምና። ታምቡሩም ይታይ። በላዩ ላይ ሊደርስበት የሚፈቀደው ትልቁ የውስጥ ስፋት ተቀርጾ ይገኛል፤ ከዚያ አልፎ የተበላ ታምቡር መጣል አለበት። የላሉ ሞላዎችም አብረው ይለወጡ።

5ኛ/ ሸራዎቹ በሚደገፉበት የኋላ ሰሌዳ ላይ የሚነካኩባቸው ጥቂት ነጥቦች አሉ። እነርሱ ሙቀት በሚችል ግራሶ በስሱ ይቀቡ። በሸራውና በታምቡሩ ገጽ ላይ ግን የጣት አሻራ ያህል እንኳ ቅባት እንዳይደርስ ያስፈልጋል።

6ኛ/ ሸራዎቹ በየቦታቸው ይግቡ፤ የእጅ ፍሬኑ ክንድ በብዙዎቹ መኪናዎች ከኋለኛው ሸራ ጋር የሚያያዝ ነው። ማስተካከያው ጥርስ ያለበት ቡሎን የግራና የቀኝ አለው፤ ጥርሱ የተቀረጸው በተቃራኒ አቅጣጫ ነውና። የግራው በቀኝ ቢገባ፣ በራሱ ያጠብቅ ዘንድ የተሠራው ዕቃ በራሱ እያላላ ይሄዳል።

7ኛ/ ታምቡሩ ከተመለሰ በኋላ ፔዳሉ ደጋግሞ ይረገጥ፤ ሸራዎቹ መካከላቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ጎማው በእጅ ሲዞር በስሱ የመፈተግ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ይስተካከል። ጭራሽ የማይነካ ከሆነ ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል፤ አጥብቆ የሚነካ ከሆነ ሳይረገጥ እየሞቀ ይቃጠላል።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ መኪናው ወዲያው ወደ ቁልቁለት አይወሰድም። አስቀድሞ በቆመበት ፔዳሉ ከፍ ብሎ የሚጠነክር መሆኑ ይታይ። ከዚያም በሜዳ ላይ በዝግታ ደጋግሞ ይሞከር። አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር ተላምዶ ሙሉ ገጹ እስኪነካ ድረስ ጥቂት ቀን በለስላሳ አያያዝ መነዳት ይፈልጋል።

በትክክል የተገጠመ ሸራም ቢሆን ዕውቀት የሌለውን ሾፌር አያድንም። ታምቡር ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይሸሻል፤ ሸራውም ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ዘይት ሳይፈስ፣ ዕቃ ሳይሰበር፣ ፔዳሉ ይሰምጥና መኪናው እንቢ ይላል። መድኃኒቱ ቁልቁለቱን ከመጀመር በፊት ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድ ግን ቁማር ነው። በዝናብ ወራት ጎርፍ ያለፈ መኪናም ታምቡሩ ውስጥ ውሃ ስለሚገባ፣ ሸራው እስኪደርቅ ድረስ ፔዳሉን በስሱ እየነኩ ጥቂት መሄድ ይገባል።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች እንመለስ። የመንግሥት መኪና ሾፌር «ፍሬን ይታይልኝ» ብሎ የጻፈው ወረቀት በስንት ጠረጴዛ ላይ እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ። ከጠረጴዛዎቹ አንዱ የእናንተ ነው። ወረቀቱ በደረሳችሁ ጊዜ ከሌላው ማመልከቻ ሥር አታድርጉት። ደግሞም በቁጠባ ስም «ለአንድ ጎማ ብቻ ይገዛ» ብላችሁ አትጻፉ፤ አንዱ ወገን አዲስ፣ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናው እኩል አይዝም። ሸራ የሚገዛው ለግራና ለቀኝ በአንድነት ነው፤ የመኪናው ዓይነትና የተሠራበት ዓመትም በመጠየቂያው ላይ ይመልከት፤ አለዚያ የሚመጣው ዕቃ ሌላ ይሆናል። መኪናው ሲመለስ ደግሞ ከፊርማ በፊት ሾፌሩን «ፔዳሉ የት ላይ ይይዛል? ወደ ጎንስ ትስባለች?» ብላችሁ ጠይቁት። ነገ ወደ ቡሌ ለሥራ ስትላኩ በዚያችው መኪና የምትወርዱት እናንተው ናችሁ።