ውሻውን ለመመለስ አትቸኩሉ

በሰፈራችን በራማት የዲዲም አንድ ቤተሰብ ከመጠለያ ያመጣውን ውሻ በሳምንቱ ሲመልስ «ድሮስ የኛ ሰው ውሻ መቼ ያውቃል!» የሚሉ አሉ። ይህን አባባል አንቀበልም። በጎንደር ገጠር ከብቱንና ደጁን ከጅብ የጠበቀልን ማን ነበር? እርግጥ የምናውቀው የደጅ ውሻ ነው። ፎቅ ላይ ከሰው ጋር ስለሚያድረው ውሻ ደግሞ በቋንቋችን ሊነገረን ይገባል፤ የዕብራይስጥ ወረቀት አስፈርሞ ማሰናበት ማስረዳት አይደለም።

አዲስ የመጣ ውሻ አልጋ ሥር ቢደበቅ፣ ምግብ እንቢ ቢል፣ ምንጣፍ ላይ ቢሸና ፈርቶ ነው እንጂ ከፍቶ አይደለም። ጸጥ ያለ ጥግ ስጡት፤ በሰዓቱ አብሉት፤ በገመድ ይዛችሁ አውጡት። ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ሁሉ አይደባብሰው። ልጆች ሲበላና ሲተኛ አይንኩት፣ ከተደበቀበትም አይጎትቱት። ሰው ከነከሰ በሕግ ለ10 ቀን ተለይቶ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳለበት ይታያል። ብዙ ውሻ ቤቱን የሚለምደው በወራት ነው። ክትባቱን፣ ፈቃዱንና በ2002 ሕግ የታዘዘውን ከቆዳ ሥር የሚገባ ቺፕም አትርሱ።

ከሁሉ በፊት ግን አያት ይጠየቁ። ውሻ ከቤት አይገባም ተብለው ያደጉ ናቸው፤ ሳይማከሩ ቀርተው በሦስተኛው ቀን «ይውጣልኝ» ቢሉ ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም።