«ለፔናሊቲ አይበቃም»

«ንክኪ አለ፤ ፋውል ነው ማለትም ይቻላል። ግን ለፔናሊቲ የሚበቃ አይደለም።»

ይህን ያለን ሰሞኑን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ሲተነትን ያመሸ አንድ የስፖርት ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራውም ለውጥ የለውም፣ ነገ ሌላው ያንኑ ይደግመዋል። ከጀርባው ባለው ስክሪን ምስሉ በዝግታ ይመላለሳል። ኮርና ተሻምቷል። ተከላካዩ ኳሷን አያያትም፤ ፊቱን ወደ አጥቂው አዙሮ ማሊያውን ከብብቱ ሥር ጨምድዶ ይዟል። አጥቂው ሊዘል ይሞክራል፣ ማሊያው ይለጠጣል፣ ሰውየው ግን ከመሬት አይነሳም። ኳሷ ከአናቱ በላይ ታልፋለች። ተንታኛችን ይህን ሁሉ በእስክሪብቶው እያመለከተ አሳየን። እጁንም አሳየን፣ የተለጠጠውን ማሊያም አሳየን፣ ከዚያ «አይበቃም» አለ። አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ወደ ማስታወቂያ ሄዱ።

ስንት ሲሆን ነው የሚበቃው? ሰውየው ማሊያውን ለብሶ መውጣቱ ነው ያጎደለው? ቢቀደድ ይበቃ ነበር?

አስተውሉ፤ «ፋውል አይደለም» ቢል ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። ፋውል ነው፣ አይደለም የሚለው ክርክር ኳስ እስካለ ድረስ ይኖራል፤ እሱ ጤነኛ ክርክር ነው። የኛ ሰው ግን በገዛ አፉ ፋውል መሆኑን ከመሰከረ በኋላ ነው የካደው። በአንድ አፍ ሁለት ምላስ ማለት ይኼ ነው። የሚገርመው ይህን ዓረፍተ ነገር መስማት ከጀመርን ዓመታት ተቆጥረዋል፣ ግን አንድም ቀን «የትኛው ሕግ ላይ ነው የተጻፈው?» ብሎ የጠየቀ አስተናጋጅ አላየሁም።

የእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 12 ለማንበብ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። መግፋት፣ መጥለፍ፣ መርገጥ፣ ሄዶ መጋጨት ጥፋት የሚሆኑት ተጫዋቹ በግዴለሽነት ሲፈጽማቸው ነው። እዚህ ላይ ዳኛው የሚመዝነው ነገር አለው፤ መነካካት ሁሉ ፋውል ነው ያለም የለም። ሰው ይዞ ማስቀረት ግን ከዚህ ሚዛን ውጭ ነው የተቀመጠው። የያዝከው ሰው እንዳይንቀሳቀስ ከልክለኸዋል? ከከለከልከው አለቀ። በምን ያህል ጉልበት ጎተትከው የሚል ጥያቄ ሕጉ ውስጥ የለም። ከግብ መስመሩ 16 ሜትር ተኩል ላይ የተሰመረችው ነጭ መስመርም ስለ ፋውል የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውጭ ቢሆን ቀጥተኛ ቅጣት ምት የሚያሰጠውን ጥፋት ተከላካይ ውስጥ ከፈጸመው ፔናሊቲ ነው። «ውጭ ጥፋት የሆነው ውስጥ ሲገባ ይቅር ይባል» የሚል መስመር ፈልጌ አጣሁ። የተንታኛችን እትም ላይ ካለ ያሳየን።

ሜዳ ላይ የሚሆነው ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። አንድ አማካይ በመሀል ሜዳ ጀርባውን ሰጥቶ ኳስ ሲጠብቅ ከኋላ በክንድ ጠጋ ከተባለ ዳኛው ሳያመነታ ይነፋል። ማንም አይጮህም፣ ቫር አይጠራም፣ ተንታኝ ስሎው ሞሽን አያዝም። ያው ክንድ፣ በዚያው ጉልበት፣ በዚያው ዳኛ ፊት ከግብ ስምንት ሜትር ላይ ሲያርፍ ግን «የእግር ኳስ ንክኪ» ይሆናል። ጎል ሊያገባ የደረሰ ሰው ከመሀል ሜዳ ተጫዋች ያነሰ ጥበቃ ያገኛል ማለት ነው። ይህን ጉድ ሕጉን የጻፉት ሰዎች ቢሰሙት ምን ይሉ ነበር?

ምን እንደሚሉማ ይታወቃል፤ ታሪኩ ተጽፏል። (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ፔናሊቲን ያመጣው ዊሊያም ማክረም የሚባል የአየርላንድ ሰው ነው፤ አርማ ውስጥ ሚልፎርድ ለሚባል ክለብ ይጫወት ነበር። በረኛ መሆኑን ልብ በሉ! ያኔ ተከላካዮች ግብ አፋፍ ላይ አጥቂውን መጥለፍና ኳስ በእጅ መመለስ ያዋጣቸው ነበር፤ ቅጣቱ ተራ ቅጣት ምት ነዋ። በየካቲት 1891 በኤፍኤ ካፕ ኖትስ ካውንቲ ከስቶክ ሲጫወቱ የካውንቲ ተከላካይ ወደ ግብ የምትገባ ኳስ መስመሩ ላይ በእጁ መለሳት። ለስቶክ የተሰጠው ቅጣት ምት ከመስመሩ ጥቂት ርቀት ላይ ነበር፤ በረኛው ኳሷ ፊት ተገትሮ አፈናት። ካውንቲ 1 ለ 0 አሸንፎ አለፈ። የማክረም ሐሳብ መጀመሪያ ሲቀርብ የእንግሊዝ ጨዋ ልጆች «እኛ ሆን ብለን እናጠፋለን ተብሎ ይታሰባል?» ብለው ተቆጥተው ነበር። ቁጣው ብዙም አልቆየም፤ የሕግ አውጪው ቦርድ ግላስጎው ላይ ሰኔ 2 ቀን 1891 ሐሳቡን አጸደቀው።

የዚያ ዘመን ሰዎች ያሉት እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ግብ አጠገብ የሚሠራ ጥፋት ከሌላው ይከብዳል፣ ስለዚህ ቅጣቱም ይክበድ። የዛሬዎቹ አዋቂዎች ደግሞ ቅጣቱ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ጥፋቱ ይቅለል ይላሉ። በሬ ሰርቆ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ፊቱ ቀርቦ፣ የተደነገገው እስራት ረጅም መሆኑን ሲያይ «እንግዲያው አልሰረቀም» ብሎ የሚያሰናብት ዳኛ ቢገጥማችሁ ምን ትሉታላችሁ? በኳስ ሜዳ ግን «ልምድ ያለው ዳኛ» እንለዋለን።

ሕጉ ከብዶ ከሆነ ሕጉን መቀየር ነው። ይህ እንዴት እንደሚደረግ ደግሞ ከበረኞች የስድስት ሰከንድ ሕግ የተሻለ ምሳሌ የለም። ከ2000 ጀምሮ በረኛ ኳስ በእጁ ከስድስት ሰከንድ በላይ መያዝ አይችልም ነበር። ቅጣቱ እዚያው ሳጥን ውስጥ ለተጋጣሚ የሚሰጥ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነበር። በየሳምንቱ በረኞች አሥርም አሥራ አምስትም ሰከንድ ኳሷን ታቅፈው ሲተኙ አይተናል፤ ዳኞች ግን «ለዚህ ብዬ ሳጥን ውስጥ ቅጣት ምት ልስጥ?» እያሉ ያልፉት ነበር። ያው «አይበቃም» ነው። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የሴቶች ግማሽ ፍፃሜ፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ፣ ካናዳ አሜሪካን 3 ለ 2 እየመራች ኖርዌያዊቷ ዳኛ ክርስቲና ፔደርሰን ያን የተረሳ ሕግ አስታውሳ በካናዳዋ በረኛ በኤሪን ማክሌዎድ ላይ ነፋች። የአሜሪካዋ አቢ ዋምባክ ዳኛዋ አጠገብ ቆማ ሰከንዱን ጮክ ብላ ስትቆጥር ነበር። ከቅጣት ምቱ ኳሷ የካናዳ ተጫዋች እጅ ነካች፣ ፔናሊቲ ተሰጠ፣ ዋምባክ አገባች፣ 3 ለ 3። በጭማሪው ሰዓት ማብቂያ አሌክስ ሞርጋን አራተኛውን አስቆጠረች፤ አሜሪካም በኋላ ወርቁን ወሰደች። ካናዳውያን እስካሁን አልረሱትም። እውነታቸውን ነው! ሌሎች ዳኞች ሁሉ በዝምታ ያለፉትን ሕግ አንዷ ድንገት በሜዳልያ ጨዋታ ስታነሳው እንደ በደል ቢቆጠር ምን ይገርማል? በደሉ ግን የፔደርሰን አይደለም፤ ከእሷ በፊት የተኙት ሁሉ ነው።

መፍትሔው ምን ሆነ? ቦርዱ በ2025 ተቀምጦ ሕጉን ቀየረው። ስድስቱ ሰከንድ ስምንት ሆነ፣ ቅጣቱ ወደ ኮርና ወረደ፣ ዳኛውም የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች እጁን አንስቶ በጣቱ እንዲቆጥር ተደረገ። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ሲመጣጠን ዳኛው ለመንፋት ሰበብ አጣ። በ2016ም እንዲሁ ሆኗል፤ ግልጽ የግብ ዕድል ሳጥን ውስጥ ያበላሸ ተከላካይ ኳሷን ለመጫወት ሲሞክር ከሆነ ፔናሊቲው ላይ ቀይ መጨመሩ በዛ ተብሎ ቀዩ ወደ ቢጫ ተቀየረ። በአደባባይ፣ በጽሑፍ፣ ለሁሉም እኩል። ፊሽካውን ኪስ ውስጥ ከቶ ዓይንን መጨፈን ሌላ ነው።

ዓይን መጨፈን ምን እንደሚያመጣ ማየት የሚፈልግ የ2018ቱን የዓለም ዋንጫ ያስታውስ። ሰኔ 18 ቮልጎግራድ ላይ እንግሊዝ ከቱኒዚያ ስትጫወት ሃሪ ኬን በኮርና ሰዓት ሁለት ጊዜ ታግለው መሬት ጣሉት። ትግል ነው የምለው። ዳኛው ዝም፣ ቫርም ዝም። በዚያው ጨዋታ ግን ካይል ዎከር ክንዱን ወርውሮ የቱኒዚያውን አጥቂ ሲነካው ፔናሊቲ ተሰጠ። ከስድስት ቀን በኋላ እንግሊዝ ከፓናማ ስትገናኝ ግብፃዊው ዳኛ ጌሃድ ግሪሻ ያንኑ የኮርና ትግል በኬን ላይ ሲያይ ነፋ፤ ኬን አገባት፣ ጨዋታው 6 ለ 1 አለቀ። ኬን ያው ኬን፣ ሕጉ ያው ሕግ፣ አስተቃቀፉም ያው። ልዩነቱ የዳኛው ልብ ብቻ ነበር። የፓናማ ተከላካዮች ምን አጠፉ? ከቮልጎግራድ የተማሩትን ነው የሠሩት።

የኛ ተንታኝ ግን ለዚህ መልስ አለው፤ «ይሄ እንግሊዝ ነው፣ ኳሱ የጉልበት ነው» ይላል። በ2021 ክረምት የፕሪሚየር ሊግ ዳኞች አለቆች ለቀላል ንክኪ ፔናሊቲ እንደማይሰጥ ሲያስታውቁ፣ ንክኪው፣ ውጤቱና የወደቀው ሰው ፍላጎት አብረው ይታያሉ ተብሎ ነበር። የወደቀው ሰው ፍላጎት! ማሊያ የጨመደደው ሰው ፍላጎትስ? እሱ ኮርናው ሲሻማ ለምን ፊቱን ከኳሷ እንዳዞረ የሚጠይቀው አጣ። ልቡ የሚመረመረው የተበደለው ብቻ ነው።

ከዚያ ደግሞ እነዚሁ ሰዎች «አጥቂዎች አስመሳይ ሆኑ፣ ሲነኩ ይወድቃሉ» ብለው ያለቅሳሉ። እንዴት አይወድቁ? እየተጎተተ በእግሩ ቆሞ ለመምታት የሞከረ አጥቂ ምን ሲያገኝ አይታችኋል? የደከመች ኳስ ለበረኛው ያቀብልና «ዕድሉን አባከነ» ይባላል። ማሊያው መያዙን የሚያነሳለት የለም። የወደቀው ግን ቢያንስ ቫር ያዩለታል። ጥፋቱ በራሱ ካልበቃ አጥቂው የጎደለውን በጩኸትና በመንከባለል ሊሞላው ነው። አስመሳዩን የፈጠረው ይኼው «አይበቃም» ነው፤ ዞሮ ደግሞ በአስመሳይ ያማርራል።

ቃሉ ከስክሪን ወርዶ የሰፈር ሜዳም ገብቷል። በክረምት ውድድር ፊሽካ የያዘ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ሳጥን ውስጥ የተጠለፈው ልጅ ጉልበቱ እየደማ ቀና ብሎ ሲያየው፣ ሁለት እጁን እንደ እንግሊዝ ዳኛ ወደ ላይ እያወዛወዘ «ተነስ ተነስ፣ አይበቃም!» ሲለው ሰምቻለሁ። ሕጉን አላነበበም፤ ትንተና ግን ይከታተላል።

«በየኮርናው ፔናሊቲ ሊሰጥ ነው?» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ይሰጥ። ለሦስት ሳምንት ይሰጥ። ከፔናሊቲ አራቱ ሦስቱ ገደማ ጎል ነው፤ ቡድኑን በአንድ ቅዳሜ ሁለት ጎል ያስቆጠረበትን ተከላካይ አሠልጣኙ ራሱ እጁን ሰብስቦ መቆም ያስተምረዋል። አይሆንም፣ ይበዛል የሚል ካለ ደግሞ በረኞቹ የሄዱበት መንገድ ክፍት ነው፤ ቦርዱ ይሰብሰብ፣ ለማሊያ ጉተታ ሌላ ቅጣት ይጻፍ፣ ሁላችንም እናንብበው።

እስከዚያው ግን ተንታኛችን ሆይ፣ አንድ ውለታ ዋልልን። ፋውል ካልመሰለህ ፋውል አይደለም በልና እንከራከር። ፋውል ነው ካልክ ግን ሳጥን ውስጥ ነውና ፔናሊቲ ነው ብለሃል፤ ዳኛው ፈርቶ አልነፋም ብለህ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰው።