የማክዳን ፊልም ማን ይሥራው?

ሰሞኑን በየመኝታ ቤቱ ስለ ትላልቅ የመጽሐፍ ቅዱስ ፊልሞች ብዙ ይወራል። አንዱ የባሕሩን መከፈል፣ ሌላው የሠራዊቱን ብዛት ያደንቃል። ማድነቁ ባልከፋ። ነገር ግን ከነዚህ ፊልሞች አንዱ የራሳችንን ንግሥት የሚመለከት ስለሆነ ከማድነቅ አልፈን ልንነጋገርበት ይገባል።

«ሰሎሞንና ሳባ» የተባለው ፊልም በ1959 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ቀረበ። ዲሬክተሩ አሜሪካዊው ኪንግ ቪዶር ሲሆን፣ የሳባን ንግሥት ሆና የተጫወተችው ጣሊያናዊቱ ጂና ሎሎብሪጂዳ ናት። ቀረጻው የተካሄደው እስፓኝ አገር ነው፤ ለጦር ሜዳው ትዕይንት የተሰለፉትም የእስፓኝ ወታደሮች ነበሩ። ሰሎሞንን ይጫወት የነበረው ታይሮን ፓወር ኅዳር 1958 እ.ኤ.አ. የሰይፍ ፍልሚያ ሲቀረጽ በልብ ሕመም ማድሪድ ላይ ሞተ። ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ነበር። አዘጋጆቹ ዩል ብራይነርን አምጥተው የሰሎሞንን ትዕይንቶች እንደገና አስቀረጹ። ይኸው ብራይነር በ1956 እ.ኤ.አ. በወጣው «አሥርቱ ትእዛዛት» ፈርዖንን ሆኖ የተጫወተው ሰው ነው። እንግዲህ ትልቅ በጀት ማለት ይህ ነው፤ ዋናው ተዋናይ ቢሞት እንኳ ሥራው አይቆምም።

ያ ሁሉ ገንዘብ ግን ታሪኩን አላዳነውም። በፊልሙ ውስጥ ንግሥቲቱ ከግብፅ ፈርዖን ጋር ተስማምታ ሰሎሞንን በውበቷ ልታጠምድ ትሄዳለች። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 የምናገኛት ንግሥት ግን የሄደችው ሰሎሞንን በጥያቄ ልትፈትንና ጥበቡን ልትሰማ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት በግዕዝ የተጻፈው ክብረ ነገሥትም፣ ነጋዴው ታምሪን የሰሎሞንን ጥበብ ነግሯት 797 ግመል አስጭና እንደ ተነሣች ይተርካል። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ቢልቂስ የሚሏት፣ በቁርኣን በነምል ምዕራፍ የምትነሣው ንግሥትም ከመወሰኗ በፊት ሹማምንቷን የምታማክር አስተዋይ ናት።

እስቲ እናስተውል። ዙፋኗን ትታ ለመጠየቅ በረሐ ያቋረጠች ሴት ተማሪ ማለት እኮ ናት! ነገ ከፊታችን የምትቀመጠውን ልጅ እናስብ። እናቷን ለማገዝ በገበያ ቀን ከትምህርት ትቀራለች፤ ፊደል ሳትጨርስ ባል የሚታጭላትም አለች። ለዚች ልጅ «ማክዳ በውበቷ ንጉሥ አጠመደች» ብሎ መንገርና «ማክዳ ዕውቀት ፍለጋ ሄደች» ብሎ መንገር አንድ ነው ወይ? የመጀመሪያው መስተዋት ይሰጣታል፤ ሁለተኛው ደብተር።

ታዲያ ለምን እኛው ራሳችን አንሠራውም ሲባል፣ ከጓደኞቼ ብዙዎቹ «በጀት የታለ?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ፊልም ካሜራ፣ መብራት፣ ልብስና ባለሙያ ይፈልጋል። ሆኖም በጀት እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆናል። ፈረንጆቹን ብቻ መውቀስም አይበቃም። እነሱ ለገበያቸው ይሸጣል ያሉትን ሠሩ። የኛን ደግሞ እኛ ካልሠራነው ማን ይሥራልን?

በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ሥራ እንደሚሠራ ምስክር አለን። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ ቀረጸው። ተዋናዮቹ ሙያቸው ትወና ያልሆነ የአገር ሰዎች ነበሩ። ፊልሙ በ1976 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የባላገሩን ኑሮ ለዓለም አሳየ። በፊልሙ ውስጥ ሠራዊት የለም፤ ወርቅ የለም፤ እውነት ግን አለ።

ከዚያም ቀደም ሲል ሠዓሊዎቻችን የማክዳን ታሪክ በሸራ ላይ በተከታታይ ክፍሎች፣ ብዙ ጊዜ በ44፣ ከዘንዶው መገደል ጀምረው እየሣሉ፣ ከየሥዕሉ ሥር ጽሑፍ እየጨመሩ ሲተርኩልን ኖረዋል። ይህ ከፊልም በምን ይለያል? የሚለየው ባለመንቀሳቀሱ ብቻ ነው። የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ መምህሩ ነው፤ በድምፁ፣ በእጁ፣ በጥያቄው።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። የቴአትር ክበባችን ለዓመቱ መዝጊያ የማክዳን ጉዞ ያዘጋጅ። 797 ግመል ከየት ይመጣል? አይመጣም፤ ከካርቶን የተቆረጠች አንዲት ግመል ትበቃለች። ሥዕል የምንችል ደግሞ ታሪኩን በ12 ወረቀት ከፍለን ሥለን ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ይዘነው እንሂድ። የአማርኛ፣ የታሪክና የሥዕል መምህሮቻችን እንዲያርሙን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። እኛ የቡኢ ልጆች ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በጢያ ትክል ድንጋዮች በኩል እናልፋለን። በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እነዚህ 36 ድንጋዮች ለዓይን ደስ ይላሉና «የማክዳ ከተማ እናድርጋቸው» የሚል አይጠፋም። እኔ እቃወማለሁ። የጢያ ድንጋዮች ከማክዳ ዘመን እጅግ በኋላ የቆሙ ናቸው፤ ራሱን የቻለ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ላማረ ትዕይንት ብለን ታሪክ ካደባለቅን፣ በሌሎች ላይ የነቀፍነውን እኛው ደገምነው ማለት ነው።

አባቶች «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። ሠርዶው በደጃችን ነው፤ በሬውም እኛው ነን። ክበቡ ሲሰበሰብ የምትችሉ ሁሉ ኑና እንጀምር።

ከአንድ የቡኢ ልጅ፣ ሠልጣኝ መምህር