ሠረገላው የማን ነበር?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ፣ ሾፌር ጋቢናውን ዐውደ ምሕረት እንዲያደርግ የሚመክር ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ ድረስ አብሮ የሚጓዝን ሰው ወንጌል ለማስተማር ከዚህ የተመቸ ጊዜ አይገኝም ይላሉ ጸሐፊው። ያነበብኩት እዚሁ ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ ተራ ስጠብቅ፣ ተሳቢው ጥላ ሥር ተጋድሜ ነው። ነገሩ የሚያገባኝ ስለሆነ መልስ ልጽፍ ተነሣሁ።

የዶራሌ ሁለገብ ወደብ በ2009 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በዚህ መንገድ እመላለሳለሁ፤ ጸሐፊው ያሉትንም ሞክሬዋለሁ። በ2016 ሐምሌ የቀጠርኩት ረዳቴ የባቲ ልጅ ነው፣ ሙስሊም። ፍላሼን ሰካሁና እስከ ሰመራ ስብከት፣ እስከ ጋላፊ መዝሙር፣ ከጋላፊ ወዲህ ደግሞ የራሴን ማብራሪያ አስከተልኩ። ልጁ «እሺ ጋሼ» ይላል። እኔም እያንዳንዷን «እሺ» እንደ ፍሬ ቆጠርኳት። ዶራሌ ስንደርስ ግን ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን አልጋ ትቶ፣ በዚያ ሙቀት ካርቶን አንጥፎ ከተሳቢው ሥር ተኛ። ለምን ብለው፣ ትንሽ አሰብ አድርጎ «ጋሼ፣ መንገድ ላይ እኮ መውረድ አልችልም» አለኝ።

እውነቱን ነው። አበሉ በእኔ እጅ ነው። መሪ ጨብጦ መንዳት የሚለምደው እኔ ስፈቅድለት ነው። ከሎግያ እስከ ጋላፊ ባለው በረሃ ውረድ ብለው የት ይሄዳል? እስኪ ገልብጬ ልየው፦ የጭነት ወረቀቴን የያዘው የወደብ ሠራተኛ ስለ ሃይማኖቱ ቢሰብከኝ ምን እል ነበር? እሺ እል ነበር፤ ወረቀቴን እፈልገዋለኋ! እስልምና የመንግሥት ሃይማኖት በሆነበት በዚህ አገር እንግዶች ሆነን፣ ከተማው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ኖሮን እንጸልያለን። አንድም ሰው በእንጀራዬ አስገድዶ አልሰበከኝም።

ጸሐፊው ስለ መንገድ ስብከት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ጠቅሰዋል። ጥሩ ጠቀሱ፤ ግን ሠረገላው የማን ነበር? የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ነው። የሰበከለት ፊልጶስ በእግሩ ሮጦ የደረሰ መንገደኛ ነበር። ሰውየው ኢሳይያስን ሲያነብ ሰማው፣ የምታነበውን ታስተውለዋለህ ወይ አለው፤ ወጥቶ አጠገቡ እንዲቀመጥ የለመነው ባለ ሠረገላው ራሱ ነው። ተጠመቀ፣ ፊልጶስም ከዓይኑ ተሰወረ፣ ጃንደረባው ደስ እያለው መንገዱን ቀጠለ። የእኛ ጋቢና የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መሪውን የያዘውም፣ በሩን የሚቆልፈውም ሰባኪው ነው።

አባ ሰላማስ ቤተ መንግሥት ገብቶ አይደል ወይ ያስተማረው የሚለኝ አይጠፋም። አባ ሰላማ፣ ማለትም ፍሬምናጦስ፣ በቀይ ባሕር ዳር ከተጠቃች መርከብ የተረፈ ልጅ ነበር፤ ምርኮኛ ሆኖ ነው አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው። የታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደጻፈው፣ የመንግሥቱ ጉዳይ እጁ ላይ በወደቀ ጊዜ እንኳ መጀመሪያ ያደረገው ከሮም ግዛት የሚመጡ ክርስቲያን ነጋዴዎችን ፈልጎ የሚጸልዩበት ቦታ እንዲኖራቸው መርዳት ነው። ሥልጣኑን በር ለመክፈት ተጠቀመበት። ነጋዴዎቹም እንደ እኛው ዕቃ የሚያመላልሱ ነበሩ።

ይህ የጋቢና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር በበረሃው በእግራቸው የሚሄዱትን የአገራችንን ልጆች ሁላችንም እናያቸዋለን። ቆሞ ጄሪካን የሚያወርድላቸውን ሾፌር እግዚአብሔር ይባርከው። ውሃው ከመቀዳቱ በፊት ስብከት የሚያስቀድም ግን አጋጥሞኛል፤ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ልጅ ዓይኑ ጄሪካኑ ላይ ሆኖ አሜን ይላል። ያንን አሜን ማን ይቀበለዋል?

ታዲያ ዝም እንበል? አላልኩም። «ሕይወቴ ይሰብካል» ብሎ አፉን የሚዘጋም አይመቸኝም። ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነው፤ በዚያ ላይ ሕይወታችን እንደምናስበው አይሰብክም። ማዕተቤ አንገቴ ላይ ነው፣ የእመቤታችን ሥዕልም ከመስታወቱ ፊት አለ። ለሚጠይቀኝ እናገራለሁ።

በ2017 የካቲት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙ። ማዳበሪያ ለመጫን እዚሁ ተሰልፈናል። ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ ከከተትኩት ወራት አልፈዋል። እኔ በዘጠኝ ሰዓት ሽሮዬን በልቻለሁ፤ ረዳቴ ፀሐይ ስትጠልቅ በቴምርና በውሃ አፈጠረ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ የጋቢናው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እግሩ መሬት ነክቷል። «ጋሼ፣ ሞተር ሲያስነሱ ለምንድን ነው የሚያማትቡት?» አለኝ።

ነገርኩት። ክርስቶስ ስለ እኔ ተሰቅሏል ብዬ እንደማምን፣ ፍሬን እምቢ ባለኝ ቀን የጠራሁት ስም የማንን እንደሆነ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ እሱ ስለ እናቱ ዱዓ አወራኝ፤ ያ ረዘም አለ።

በማግስቱ ጭነን ወጣን። ዲኪልን እንዳለፍን፣ ሳልጠይቀው ሌላ ጥያቄ አመጣ።

አንድ የተሳቢ ሾፌር
ከዶራሌ፣ ጅቡቲ